ፋይናል ፋንታሲ 14፦ ጓደኛ ዘንድ ለመድረስ ስንት ታሪክ ማየት አለብን?

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ብቻችሁን ቁጭ ብላችሁ ረጅም ታሪክ መከታተል የምትወዱ ከሆነ ይሄን ጌም ጀምሩት፣ አትቆጩም። ከጓደኛ ጋር ለመጫወት ብላችሁ የምታወርዱት ከሆነ ግን መጀመሪያ ይሄን አንብቡ። በተለይ እንደኛ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ ሆናችሁ ጌም ቤት በሰዓት እየከፈላችሁ የምትጫወቱ፣ ወይም አንድ ላፕቶፕ ለሦስት ይዛችሁ በሞባይል ዳታ የምትታገሉ ከሆነ።

ፋይናል ፋንታሲ 14 ብዙ ሰው አንድ ዓለም ውስጥ የሚጫወተው ኦንላይን ጌም ነው፣ የጃፓኑ ኩባንያ የስኩዌር ኢኒክስ ሥራ። መጀመሪያ የወጣው በ2010 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ያኔ ከባድ ውድቀት ገጠመው። ኩባንያው ናኦኪ ዮሺዳን በኃላፊነት አስቀመጠ፣ የድሮውን ሰርቨር በ2012 መጨረሻ ዘጋ፣ ጌሙን ከመሠረቱ ሠርቶ በ2013 ኦገስት ላይ «ኤ ሪልም ሪቦርን» በሚል ስም መለሰው። የሚገርመው የድሮው ዓለም መዘጋት ራሱ ታሪክ ውስጥ መግባቱ ነው። ከሰማይ የወረደች ጨረቃ ተሰንጥቃ፣ ውስጧ ታስሮ የኖረው ዘንዶ ወጥቶ አገሩን ያቃጥለዋል፤ አዲሱ ጌም ከዚያ ጥፋት አምስት ዓመት በኋላ ይጀምራል። በራሱ ውድቀት ላይ እንዲህ ያለ ታሪክ መገንባት የሚችል ቡድን ተረት መንገር ይችልበታል። ስለዚህ ቅሬታዬ የታሪኩ ጥራት ላይ አይደለም።

ቅሬታዬ ታሪኩ በር ላይ መቆሙ ላይ ነው። በዚህ ጌም ውስጥ ሁሉ ነገር ከዋናው ታሪክ ጋር ታስሯል። ዳንጀን (በቡድን የሚገባበት የውጊያ ቦታ) መግባት ፈለጋችሁ? ታሪኩ እዚያ ካልደረሰ አይከፈትም። የሚጋለብ እንስሳ? እሱም በታሪክ ነው የሚመጣው፣ ወደ ሌቭል 20 አካባቢ ከሦስቱ የጦር ድርጅቶች አንዱን ስትቀላቀሉ። መብረር? የመጀመሪያውን ታሪክ በሙሉ ጨርሳችሁ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ትልልቅ ማስፋፊያዎች፣ በ2015 ሄቨንስዋርድ፣ በ2017 ስቶርምብለድ፣ በ2019 ሻዶውብሪንገርስ፣ በ2021 ኤንድዎከር፣ በ2024 ዶውንትሬል፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም። አዲሱን ማስፋፊያ በገንዘባችሁ ብትገዙት እንኳ የቀደመውን ሁሉ ካልጨረሳችሁ አዲሶቹን አገሮች አታዩአቸውም። ሁሉንም በየተራ ማየት ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ይፈልጋል።

ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ለመውረድ የጣርማበርን ዋሻ አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና በኩል ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርዳችሁ ነው። ማንም አይማረርም፤ ተራራው እዚያ ያለው በተፈጥሮ ነው። ጌም ውስጥ ያለውን ተራራ ግን ሰው ነው ያቆመው፣ ያቆመው ሰው ደግሞ ጎኑን ሊከፍተው ይችላል። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

አሁን ጓደኛሞች ሆኖ መጀመር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያየው ማስታወቂያው ላይ ያለውን አራት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ዘንዶ ሲገጥም ነው። ጌሙ ስትጀምሩ ሙያ ያስመርጣችኋል፤ ሙያው ደግሞ የምትነሡበትን ከተማ ይወስናል። ቀስተኛ፣ ጦር ያዥና ፈዋሽ ግሪዳኒያ ይነሣሉ። መጥረቢያ ያዡና መጽሐፍ ይዞ አስማት የሚሠራው ሊምሳ ሎሚንሳ። ጋሻና ሰይፍ ያዡ፣ በቡጢ የሚዋጋውና እሳት የሚወረውረው ጠንቋይ ኡልዳህ። አንድ የዳንጀን ቡድን አራት ሰው ነው፤ አንዱ ከፊት ቆሞ ዱላውን የሚችል፣ አንዱ የሚፈውስ፣ ሁለቱ የሚመቱ። ልብ በሉ፤ ፈዋሹ ያለው ግሪዳኒያ ብቻ ነው፣ ግሪዳኒያ ውስጥ ደግሞ ከፊት የሚቆም የለም። ማለትም በወጉ ተነጋግራችሁ፣ «አንተ ጋሻ ያዝ፣ አንቺ ፈውሺ፣ እኔ እመታለሁ» ተባብላችሁ የጀመራችሁ እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው ደቂቃ ሌላ ሌላ ከተማ ላይ ትበተናላችሁ።

በአየር መርከብ የምትገናኙት ታሪኩ ሌቭል 15 አካባቢ ወደ ሌሎቹ ከተሞች መልእክተኛ አድርጎ ሲልካችሁ ነው። እስከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚሮጠው። የመጀመሪያው ዳንጀን ሳስታሻም ሌቭል 15 ላይ ነው፣ እሱም ከታሪኩ ጋር የታሰረ። መሀል መሀል ላይ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የሚገባባቸው የታሪክ ውጊያዎች አሉ፤ ጓደኛችሁ አጠገባችሁ ቢቆም እንኳ አብሯችሁ መግባት አይችልም፣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ኦንላይን ጌም ውስጥ አብሮን የመጣውን ሰው ውጭ ማስቆም ምን የሚሉት ነገር ነው?

ጌም ቤት ለሚጫወት ሰው ይሄ በቀጥታ ገንዘብ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የሁለት ሰዓት ሒሳብ ከፍሎ ሁለት ወንበር የያዘ ሰው፣ ብርዱን ለመርሳት ሻይ አዝዞ፣ ጓደኛው ጎኑ ተቀምጦ፣ ከዚያ ውስጥ ግማሹን ገጸ ባሕርያት ሲያወሩ ካየ ያ ጊዜ ጨዋታ አይባልም። ፊፋ የሚጫወቱት ልጆች በዚያው ሰዓት ስንት ዙር ተጫውተው፣ ስንቴ ተሸንፈው፣ ስንቴ ተሳስቀው ይነሣሉ። የእናንተ ግን ሁለት ሰው ሁለት ስክሪን ላይ ሁለት የተለያየ ቦታ የደረሰ ታሪክ ያያል። አንዱ ትንሽ ከቀደመ ደግሞ ሌላው እስኪደርስ ይጠብቃል፣ ወይም ያየውን ደግሞ ያያል።

መብራትም አለ። ታሪኩ እየታየ መብራት ቢጠፋ ወይም ኮኔክሽኑ ቢቋረጥ፣ ያ ትዕይንት እንደታየ አይቆጠርም። ስትመለሱ ከመጀመሪያው ነው። ብቻን የሚገባበት ውጊያ ውስጥ ከሆነም እንደዚያው፣ ከሀ ትጀምራላችሁ። ክረምት ላይ እዚህ መብራቱ እንዴት እንደሚሆን ለሰሜን ሸዋ ሰው አልነግርም።

እንግሊዝኛውንም ልጥቀስ። ጌሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ፣ በጃፓንኛ፣ በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛው ሆን ተብሎ የድሮ መጻሕፍት ዓይነት ነው የተደረገው። ለታሪኩ ይስማማል፣ ያምራልም። ግን ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ ጓደኛው ጋር ለመድረስ ብሎ ያንን ሁሉ ገጽ እንዲያነብ ሲገደድ ምን ይሆናል? ሳያነብ ቁልፉን እየተጫነ ያልፋል። አንድም ነገር ሳይገባው ሌቭል 50 ይደርሳል። ታሪኩን የግድ ማድረግ ታሪኩን እንዲያነበው አላደረገውም፤ ከታሪኩ ጋር አጣላው እንጂ።

የመጀመሪያው ታሪክ ደግሞ ዝርግ ቦታ ይበዛዋል። ታይታን የሚባለውን ግዙፍ ለመግጠም ምክር የሚሰጧችሁ የድሮ ጦረኞች አሉ፤ ምክሩን ከመስጠታቸው በፊት ድግስ ይደግሱላችኋል። ለድግሱ ወይን አምጡ፣ አይብ አምጡ፣ እዚያ ሂዱ፣ ተመለሱ። እኛ ድግስ የምናውቅ ሰዎች ነን፣ ለድግስ መሯሯጥ አያስከፋንም፣ ግን ተጠርተው የመጡት ሰዎች እኮ ውጊያ እየጠበቁ ነው! ቬስፐር ቤይ የምትባል መንደርም አለች። በታሪኩ የምትሠሩለት ድርጅት ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፣ ታሪኩ ደጋግሞ «ተመለሱ» እያለ ይጠራችኋል፣ መንደሯ ውስጥ ግን በቅጽበት የሚያደርሰው ድንጋይ አልተተከለም። አብዛኛውን ጊዜ በእግር ነው። የጌሙ ነባር ተጫዋቾች በመላው ዓለም ይቺን መንደር ሲያነሡ ይማረራሉ፣ እውነታቸውን ነው።

አዘጋጆቹ ችግሩን አላዩም ማለት አይደለም። በ2020 ኦገስት ላይ ከመጀመሪያው ታሪክ ብዙ ተልዕኮ ቆርጠው አወጡ፣ መብረርንም እዚያው የመጀመሪያው ምድር ላይ ፈቀዱ። በ2022 ደግሞ የመጀመሪያው ታሪክ መዝጊያ የነበሩትን ሁለት ስምንት ስምንት ሰው የሚገባባቸው ዳንጀኖች ወደ አራት ሰው ቀይረው አስተካከሉ። እነዚያ ቦታዎች በፊት ትዕይንቱን መዝለል የማይቻልባቸው ስለነበሩ ለነባሮቹ መከራ ነበሩ። በዚያው ጊዜ ከሰው ይልቅ ኮምፒውተሩ ከሚመራቸው ጓዶች ጋር የመጀመሪያዎቹን ዳንጀኖች መግባት ተቻለ። ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን አቅጣጫውን ተመልከቱት፤ ብቻውን የሚጫወተው ሰው እየተመቸው ሄደ፣ ከጓደኛው ጋር የመጣው ግን አሁንም በሩ ላይ ነው።

ገንዘብ ላለው በር አለ። ሙሉውን ጌም የገዛ ሰው ከኩባንያው ሱቅ ታሪኩን የሚያዘልል ዕቃ በዶላር መግዛት ይችላል። ሌቭል የሚያዘልልም ለብቻው ይሸጣል። ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው፤ ታሪኩን መዝለል የጌሙን ዓለም አያፈርስም። ቢያፈርስ አይሸጥም ነበር። ታዲያ ለምን ለሁሉም በነጻ አይሆንም? በብር የሚንቀሳቀስ የባንክ ካርድ ይዞ የውጭ ሱቅ ላይ መክፈል ለአብዛኞቻችን እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወርኃዊው ክፍያም ከ12 ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ ከኛ ብዙው ሰው የሚኖረው ነጻ ሙከራው ውስጥ ነው።

ነጻ ሙከራውን ላመስግነው፣ ይገባዋል። ጊዜ አይገድብም። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ እስከ ስቶርምብለድ፣ እስከ ሌቭል 70 ድረስ በነጻ ነው። እንዲህ ያለ ቸርነት ሌላ ቦታ እምብዛም አላየሁም። ግን የራሱ ገደብ አለው። ገንዘባችሁ ከ300,000 ጊል አያልፍም። ገበያው ላይ መግዛትና መሸጥ የለም። የተጫዋቾች ማኅበር መግባት የለም። ከሁሉም የሚብሰው፣ የራሳችሁን ቡድን መመሥረት አትችሉም፤ ቡድን የሚመሠርት ከፋይ ተጫዋች ያስፈልጋችኋል። እንግዲህ ሁሉንም ደምሩት። ሁለት የጠባሴ ልጆች በነጻ ሙከራው ቢጀምሩ፣ መጀመሪያ ታሪኩ ይለያያቸዋል፣ ታሪኩ ሲያገናኛቸው ደግሞ ሙከራው ቡድን እንዳይመሠርቱ ይከለክላቸዋል። የመጡት አብረው ለመጫወት ነበር እኮ።

ለምን እንዲህ እንደተሠራ ይገባኛል፣ ምክንያቱም ቀላል አይደለም። ሁሉም ሰው በአንድ መንገድ ሲያልፍ ጸሐፊዎቹ ተጫዋቹ ምን እንዳየ በትክክል ያውቃሉ። ሻዶውብሪንገርስ ላይ የሚመጡት ከባድ ትዕይንቶች ሰውን የሚያስለቅሱት ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ አብሮ ስለኖረ ነው። ሌላም አለ። አሮጌዎቹ ዳንጀኖች በረሃ አልሆኑም። አዲስ ሰው ታሪኩን ለመቀጠል ሲገባ፣ ነባሩ ተጫዋች በዕለታዊው ዕጣ ሽልማት ለማግኘት እዚያው ይመደብለታል፤ ስለዚህ ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ቦታ ዛሬም ሰው አለው። በብዙ ሌሎች ጌሞች ውስጥ የድሮው ምድር ባዶ ነው። ይሄን ጥቅም አልክድም፣ እወደዋለሁም። ግን ይሄ ሁሉ ሽልማትና ማበረታቻ በማስቀመጥ የሚሠራ ነገር ነው። ሰውን ለመሳብ ቁልፍ አያስፈልግም።

ሌሎቹ ምን አደረጉ? ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን በ2016 «ዋን ታምሪኤል» ብሎ ባወጣው ለውጥ ማንም ሰው በፈለገው ሌቭል የፈለገው አገር እንዲሄድ ፈቀደ፤ ሌቭል 5 እና ሌቭል 50 አብረው ይዋጋሉ። ታሪኩ አልጠፋም፣ በየቦታው ተቀምጧል፣ የፈለገ ያነሳዋል። ወርልድ ኦፍ ዎርክራፍት ከ2020 ጀምሮ አዲስ ካራክተር የሚያሳድግ ሰው ከቀደሙት ዘመኖች የትኛው ውስጥ ማደግ እንደሚፈልግ እንዲመርጥ አደረገ። ጊልድ ዎርስ 2 ዋናው ጌም ከ2015 ጀምሮ በነጻ ነው፣ ወርኃዊ ክፍያ የለውም፣ ሌቭላችሁ ከፍ ቢል እንኳ ዝቅ ያለ ቦታ ስትሄዱ ወደ ቦታው ልክ ያወርዳችኋል፣ ስለዚህ ትናንት የጀመረ ጓደኛችሁ ጋር ዛሬ አብራችሁ ትዞራላችሁ። ሞባይል ብቻ ላላችሁ አልቢየን ኦንላይን አለ፤ በስልክና በኮምፒውተር አንድ ዓለም ላይ ነው፣ የግድ የሚታይ ታሪክ የሚባል ነገር የለውም። እውነት ለመናገር እኔ አልቢየንን ያን ያህል አልወደውም፣ ዓለሙ ይደርቅብኛል። ግን ጓደኛ ሲጠራችሁ ወዲያው ትደርሳላችሁ። ጌንሺን ኢምፓክትን ብዙ ልጆች ስልካቸው ላይ ጭነውታል፤ እሱም በዚህ ረገድ የፋይናል ፋንታሲ ወንድም ነው፣ አብሮ መጫወት የሚከፈተው አድቬንቸር ራንክ (የተጫዋቹ ደረጃ) 16 ላይ ነው፣ ዋናው ታሪክ ደግሞ ለብቻ ነው።

ከስኩዌር ኢኒክስ ብዙ አልጠይቅም። የመጀመሪያዎቹ ዳንጀኖች ሌቭሉ ለደረሰ ሰው ሁሉ ይከፈቱ፣ ታሪኩ ላይ የትም ይሁን። ነጻ ሙከራ ላይ ያሉ ሰዎች እርስ በርስ ቡድን ይመሥርቱ። ጓደኛሞች ሙያቸው ቢለያይም አንድ ከተማ እንዲነሡ ይፈቀድላቸው። የቀረውን ነገር ጌሙ ራሱ ሠርቶ ጨርሶታል። ማደሪያ ቤቶቹ ውስጥ መጽሐፍ አለ፤ ያለፋችሁትን ትዕይንት ሁሉ፣ የዘለላችሁትንም ጭምር፣ ቆይታችሁ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ታሪኩ ሙሉውን ተቀምጦ እያለ፣ ዛሬ ከጓደኛ ጋር ተጫውቶ ታሪኩን ነገ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ማየት ለምን አይቻልም?

እንዲህም ሆኖ ልሞክረው ላላችሁ፣ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ።

ማውረዱ ከባድ ነው፤ ከ100 ጊጋ ባይት በላይ ቦታ ይፈልጋል። አንድ ሰው ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ያውርደውና ሌላው በሃርድ ዲስክ ይገልብጠው። ከ2024ቱ የግራፊክስ ማሻሻያ ወዲህ ደከም ያለ ላፕቶፕ ያስጨንቀዋል፣ እሱንም አስቡበት። ከሰርቨሮቹ ለኛ የሚቀርበው የአውሮፓው ነው፤ ኬኦስ ወይም ላይት የሚሉ ሁለት ምድቦች አሉት፣ ሁላችሁም አንድ ምድብ፣ ከተቻለም በምድቡ ውስጥ አንድ ዓለም (ሰርቨር) ምረጡ። ያለዚያ ታሪኩ ሳይለያያችሁ ሰርቨሩ ይለያያችኋል።

ሙያ ስትመርጡ ሁላችሁም ሊምሳ ሎሚንሳ ላይ ተነሡ። አንዱ መጥረቢያ ይያዝ፣ ከፊት የሚቆመው እሱ ነው። ሌሎቹ መጽሐፍ ያዡን ይውሰዱ። ሌቭል 10 ካለፋችሁና የአየር መርከቡ ከተከፈተላችሁ በኋላ አንዱ ግሪዳኒያ ሄዶ የፈዋሽነቱን ሙያ ይጨምር፤ በዚህ ጌም አንድ ካራክተር ሁሉንም ሙያ መያዝ ይችላል፣ ይሄ ከምወድለት ነገር አንዱ ነው። ሰው በሰዓት የሚከፈልበት ወንበር ላይ ሲሆን ትዕይንቱን ይዝለል፣ ቤት ሲገባ ከመጽሐፉ ያየዋል። ሌቭል 50 እስክትደርሱ መዝለሉ ብዙ አይጎዳችሁም። ሄቨንስዋርድ ላይ ስትደርሱ ግን ቀስ በሉ፤ በረዶ የያዘው ከተማ፣ ከዘንዶ ጋር ያለው የሺህ ዓመት ጦርነት፣ እዚያ ነው ታሪኩ እውነትም የሚጀምረው፣ እሱ ደግሞ ነጻ ሙከራው ውስጥ አለ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለብቻ ለሚጫወት ሰው ከ10 ውስጥ 9። ከጓደኛ ጋር ለሚጀምር 4፤ አራቱንም የሰጠሁት ለነጻ ሙከራው ርዝመት ነው። ሁለት ጓደኛ ከሆናችሁና ትዕግሥት ከሌላችሁ ጊልድ ዎርስ 2ን አውርዱ፣ በመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ትዋጋላችሁ።